አክሱምን ማን ጣላት? ማንስ አቆያት?

ባለፈው ሰሞን ከሻይ በኋላ ጨዋታ ጀምረን ሳለ «አክሱምን የጣላት ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ፋኖሱ እስኪጠፋ ድረስ ሲያከራክረን አመሸ። አንዱ ዮዲት ጉዲት ናት አለ። ሌላው ባሕሩን የያዙት ዐረቦች ናቸው አለ። ሦስተኛው የነገሥታቷ ትዕቢት ነው ብሎ ድርቅ አለ። ክርክሩም ሳይታወቀን ከአክሱም ወጥቶ ወደ ቅርቡ ዘመን ዞረና «እኛንስ ማን ጣለን?» ወደሚለው ገባ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በማግሥቱ ሰላምታ የተነፋፈጉ ነበሩ።

በመካከላችን አንድ አዛውንት ነበሩ። ሁሉን ሰምተው ሲያበቁ «እኔንስ የሚደንቀኝ ማን እንደጣላት አይደለም፤ ይህን ያህል ዘመን ወድቃ ስሟ እንዴት እንደቆየ ነው» ብለው ከዘራቸውን አንሥተው ሄዱ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ምሽት ልጅ ነው። ማን ጣላት የሚለውንና ማን አቆያት የሚለውን ሁለት ጥያቄ አብረን ልንመረምር አስበናል። ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልን።

፩. አነሣሥ

አክሱም ከሰማይ አልወረደችም። እርሷ ከመነሣቷ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በዚያው በትግራይ ምድር የሐ የምትባል ከተማ ነበረች። ዛሬም ግንቡ ቆሞ የሚታየው የየሐ ቤተ መቅደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሰባተኛው መቶ ዓመት ገደማ የተሠራ ነው። ከየሐ አቅራቢያ በ2009 የተገኘችውና ከ2011 ጀምሮ በተከታታይ የተቆፈረችው ቤተ ሰማዕቲ ደግሞ አክሱም ሳትነሣ ጀምሮ እስከ አክሱም መዳከም ድረስ ሰው የኖረባት ከተማ መሆኗን መሬቱ መስክሯል። ስለሆነም አክሱም በባዶ ሜዳ የተተከለች ሳትሆን ቀደምቶቿ ባለሙት መሬት ላይ የበቀለች ናት ማለት ነው።

ስሟንም እንይ። አንዳንድ የቋንቋ ሊቃውንት የስሟን የመጀመሪያ ክፍል ከኩሽ ቋንቋዎች «ውሃ» ከሚለው ቃል፣ የኋለኛውን ክፍል ደግሞ ከሴም ቋንቋዎች «ሹም» ከሚለው ጋር ያገናኙታል፤ የውሃ ሹም እንደማለት ነው። ከዓለት ተፈልፍሎ የተሠራው የከተማዋ የውሃ ማጠራቀሚያ «ማይ ሹም» መባሉም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ይህ ትክክል ከሆነ የሁለት ቋንቋ ወገኖች ገና ከጧቱ በአንድ ስም ውስጥ ተገናኝተዋል። በዚህ በኦቦ ጄሪካን አሰልፈን ተራ የምንጠብቅ ሰዎች ከተማ በውሃ መጀመሩ አያስደንቀንም።

ከውሃው ቀጥሎ መንገዱ ነው። ከተማዋ የተቀመጠችው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ላይ ነው። በአንድ ወገን ገብስና ስንዴ የሚያበቅለው ደጋ፣ በሌላው ወገን የዝሆን ጥርስ የሚመጣበት የተከዜና የዓባይ ማዶ ቆላ፣ በምሥራቅ ደግሞ ቀይ ባሕር አለ። በአንደኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በግሪክኛ የጻፈ አንድ ስሙ ያልታወቀ ነጋዴ ከአዱሊስ ወደብ አክሱም ለመድረስ የ8 ቀን መንገድ እንደሚያስኬድ ይነግረናል። ወደ ውጭ የሚወጣው የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድና የኤሊ ቅርፊት፤ ከውጭ የሚገባው ደግሞ የግብፅ ጨርቅ፣ ብርጭቆ፣ ብረት፣ መጥረቢያ፣ ጥቂትም ወይን ጠጅና የወይራ ዘይት ነበር። የጊዜውን ንጉሥ ዞስካሌስ ብሎ ይጠራውና ገንዘብ ላይ እጁ የማይፈታ፣ በቀረው ግን ጨዋ፣ የግሪክንም ጽሑፍ የሚያውቅ ሰው ነው ይለዋል።

ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ሞያሌ በምን ትኖራለች? በመንገድ ትኖራለች። ከዚያ ማዶ የመጣው ከዚህ ማዶ ከመጣው ጋር ስለሚገናኝ ጫኙ፣ አውራጁ፣ ደላላው፣ ሻይ ሻጯ፣ ፍየል ነጂው ሁሉ እንጀራ ያገኛል። ኬላው ሲዘጋ ያልሸጠም ያልገዛም ሰው ይራባል። አክሱምም በመጀመሪያ እንዲህ ያለች የሁለት ዓለም መገናኛ ነበረች። ልዩነቱ የመንገዱን ቀረጥ ራሷ መሰብሰቧና በዚያው ገንዘብ መንግሥት ማቆሟ ነው።

፪. ከፍታ

በሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ በ270 ገደማ፣ ንጉሥ እንዱቢስ በስሙ የወርቅ ገንዘብ አሳተመ። በዚያን ጊዜ ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ የራሱን ገንዘብ የሚያትም ሌላ መንግሥት አልነበረም። ወርቁ ላይ የሚጻፈው ግሪክኛ ነበር፤ በባሕር ማዶ ነጋዴ እጅ የሚገባ ነውና። በኋላ በመዳብና በብር ገንዘብ ላይ ግዕዝ እየገባ ሄደ። በአራተኛው መቶ ዓመት በወጡ የመዳብ ገንዘቦች ላይ ደግሞ ይህ ነገር ሀገሬውን ደስ ያሰኝ የሚል ምኞት ተቀርጿል። ገንዘብ በሕዝብ እጅ እንዲሠራ ሕዝብ ሊያምነው እንደሚገባ ያወቁ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው። በሦስተኛው መቶ ዓመት በፋርስ ያስተማረው ማኒ የዓለም ታላላቅ መንግሥታት አራት ናቸው እንዳለ ተከታዮቹ ጽፈዋል፤ ከአራቱ አንዷ አክሱም ነበረች።

ሐውልቶቹ የዚህ ዘመን ሥራዎች ናቸው። ከክርስትና በፊት የነበሩት ነገሥታት መቃብራቸውን የሚያመለክቱባቸው ድንጋዮች ሲሆኑ፣ ድንጋዩ የተፈለጠው ከከተማዋ በስተ ምዕራብ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ከጎበድራ ተራራ ነው። ትልቁ 33 ሜትር ርዝመትና 520 ቶን ገደማ ክብደት አለው፤ የ13 ፎቅ ቤት ተመስሎ በርና መስኮት ተቀርጾበታል። ሁለተኛው 24 ሜትር፣ ሦስተኛው 21 ሜትር ያህል ነው። ትልቁ ዛሬ ተሰባብሮ በመሬት ላይ ተጋድሟል። ብዙ ተመራማሪዎች እንደሚያምኑት ሲተከል ሳለ ነው የወደቀው፤ ቆሞ አልዋለም።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። 520 ቶን ድንጋይ 4 ኪሎ ሜትር የጎተተው ማነው? የንጉሡ ስም ቢጠፋ እንኳ ሐውልቱ የንጉሥ ይባላል። ገመዱን በትከሻው ያሰረው፣ ግንዱን ከድንጋዩ ሥር እየቀየረ ያስገባው፣ ድንጋዩ በተናደ ጊዜ ከሥሩ የነበረው ሠራተኛ ግን በአንድም ጽሑፍ አልተጠቀሰም። የአክሱም ታሪክ ሲነገር ይህ ባለ ትከሻ ሁልጊዜ ከሐውልቱ ጀርባ እንዳለ እናስብ።

በአራተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የነገሠው ዔዛና በግዕዝ፣ በሳባውያን ፊደልና በግሪክኛ ጦርነቶቹን በድንጋይ አስጻፈ። ከእነዚህ አንዱ ጽሑፍ በስደተኛ ዓይን ሲነበብ ሌላ መልክ አለው። የቤጃ ሕዝብ ባመፀ ጊዜ ንጉሡ ወንድሞቹን አዘመተ፤ ስድስት አለቆች ከነሕዝባቸው፣ 4,400 ሰዎች፣ ከሀገራቸው ተነቅለው ወደ ሌላ ስፍራ እንዲሰፍሩ ተደረገ። ለመንገዳቸው ምን ያህል ምግብ እንደተሰፈረላቸው፣ ምን ያህልም ከብት እንደተሰጣቸው ድንጋዩ ቆጥሮ ይናገራል። ሰው ተቆጠረ፣ ራሽን ተሰፈረ፣ ቁጥሩ ተጻፈ። ከ4,400ዎቹ አንድ ሰው ምን እንዳለ ግን አልተጻፈም። የካርድ ቁጥር ለያዝን ለእኛ ይህ ዝምታ እንግዳ አይደለም።

ዔዛና ክርስትናን የተቀበለበት ታሪክም ከስደተኛ ጋር የተያያዘ ነው። የጥንት የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ የሚባሉ ሁለት ከጢሮስ የመጡ ልጆች መርከባቸው በተጠቃ ጊዜ ከሞት ተርፈው ወደ ቤተ መንግሥት ተወሰዱ። ፍሬምናጦስ አድጎ ባለሟል ሆነ፤ በኋላም እስክንድርያ ሄዶ በአትናቴዎስ እጅ ጳጳስ ተሾመ። እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው ይኸው በባሕር ዳር በሰው እጅ የወደቀ ልጅ ነው። ተስዓቱ ቅዱሳንም በትውፊት ከሮም ግዛት ሸሽተው የመጡ ናቸው። የዚያች ከተማ ገናናነት እንግዳን ከመቀበሏ ጋር ተለያይቶ አያውቅም።

፫. በሩ ክፍት የነበረበት ቀን

በስድስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ንጉሥ ካሌብ ነበር። በ523 በናግራን ክርስቲያኖች ላይ እልቂት በደረሰ ጊዜ ካሌብ ባሕር ተሻግሮ በ525 ገደማ የሒምየርን ንጉሥ ድል አደረገ። በዚሁ ሰሞን አዱሊስን ያየው ኮስማስ የተባለ ነጋዴ የአክሱም ሰዎች ወርቅ ለማምጣት ወደ ሩቅ ሀገር እንዴት እንደሚሄዱ ጽፏል። ነጋዴዎቹ ሥጋ፣ ጨውና ብረት በእሾህ አጥር ላይ አድርገው ዘወር ይላሉ። የሀገሬው ሰው መጥቶ በወደደው ዕቃ አጠገብ ወርቅ አስቀምጦ ይሄዳል። ባለ ዕቃው ከተስማማው ወርቁን ያነሣል፣ ካልተስማማው ይተወዋል። አንድ ቋንቋ ሳይኖራቸው በመተማመን ብቻ ይገበያዩ ነበር።

ዳሩ ግን የካሌብ ድል ውድ ድል ነበር። በየመን የቀረው ሠራዊት የራሱን ሰው አብርሃን አነገሠ፤ ካሌብም ሊመልሰው አልቻለም። በ570ዎቹ ፋርሶች የመንን ያዙ። ባሕር ማዶ የፈሰሰው ሰውና ሀብት ለከተማዋ አልተመለሰም። በትውፊት ካሌብ ዘውዱን ትቶ ገዳም ገባ ይባላል።

እንግዲህ ከተማዋ እንዲህ መዳከም ጀምራ ሳለች፣ በ615፣ ከመካ የተሰደዱ ሰዎች በደጇ ቆሙ። በነቢዩ መሐመድ ትምህርት አምነው ከገዛ ዘመዶቻቸው መከራ የደረሰባቸው ወንዶችና ሴቶች ነበሩ። በመጀመሪያ ጥቂት ሆነው መጡ፤ በኋላ ሌሎች ተከተሉና ወንዶቹ ብቻ ከ80 በላይ ሆኑ። የመካ ሹማምንት የተመረጠ ቆዳ በስጦታ አስይዘው መልእክተኞች ላኩና «የሸሹትን መልስልን» አሉ። ንጉሡ፣ ሙስሊሞች ነጃሺ የሚሉት፣ የሁለቱን ወገን ቃል ሳልሰማ አልፈርድም አለ። ጀዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ ለስደተኞቹ ቆሞ ተናገረ፤ ከቁርዓንም ስለ ማርያም የሚናገረውን ክፍል አነበበ። ንጉሡ ስጦታውን መለሰ፣ ስደተኞቹን አልመለሰም። አንዳንዶቹ እስከ 628 ድረስ በሰላም ተቀምጠዋል።

ይህን ታሪክ ለትውልድ ያቆየው ማነው? የአክሱም ድንጋይ አይደለም። ስለዚህ ቀን የሚናገር የንጉሥ ጽሑፍ በአክሱም አልተገኘም። በዚያ ችሎት የተባለውንና የሆነውን ተርካ ያቆየችው ከስደተኞቹ አንዷ፣ ኡሙ ሰላማ የምትባል ሴት ናት። ባሏን ተከትላ ባሕር የተሻገረች፣ በሰው ሀገር የኖረች ሴት ያየችውን ተናገረች፤ ሰሚው ለሰሚ አቀበለ፤ በኋላም በመጽሐፍ ገባ። ዛሬ ከሞሮኮ እስከ ኢንዶኔዥያ የአክሱምን ሐውልት በሥዕል እንኳ ያላየ ሰው «በዚያ ሀገር ማንም የማይበደልበት ንጉሥ ነበር» የሚለው በእርሷና በጓደኞቿ ቃል ነው። ዔዛና ድሉን በሦስት ዓይነት ጽሑፍ አስቀረጸ፤ ለከተማዋ የላቀውን ስም ያተረፈላት ግን የአንዲት ስደተኛ ምስክርነት ነው። የአዛውንቱ ጥያቄ አንዱ መልስ እዚህ ላይ ነው።

፬. አወዳደቅ

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ማን ጣላት?

ማስረጃዎቹን በተራ ብናያቸው መጀመሪያ የሚናገረው ገንዘቡ ነው። ከእንዱቢስ ዘመን ጀምሮ ወደ ኋለኞቹ ነገሥታት በተጠጋን ቁጥር በወርቁ ገንዘብ ውስጥ ያለው ንጹሕ ወርቅ እያነሰ ይሄዳል። ፊቱ ንጉሥ ነው፣ ቅርጹም ያው ነው፣ ውስጡ ግን እየሳሳ ነው። በሰባተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ጨርሶ መታተሙን አቆመ።

ሁለተኛው ባሕሩ ነው። ፋርስና ሮም ሲዋጉ የቀይ ባሕር ንግድ ታወከ፤ አዱሊስም በሰባተኛው መቶ ዓመት ገደማ እንደ ወደብ አበቃች። በኋላ የእስልምና መንግሥታት ማዕከል ወደ ደማስቆ፣ በ762 ከተቆረቆረች ጀምሮም ወደ ባግዳድ ሲዞር ታላቁ የሕንድ ንግድ በፋርስ ባሕረ ሰላጤ በኩል መጓዝ በዛ። የመንገድ ልጅ የሆነች ከተማ መንገዱ ሲዞር ምን ትሆናለች? አስፋልቱ በሌላ በኩል ቢያልፍ ይህች የእኛ ሞያሌ ምን ልትሆን እንደምትችል አስቡት።

ሦስተኛው መሬቱ ነው። ካርል ቡትዘር የተባለ ምሁር በ1981 ባሳተመው ጥናት እንዲህ አለ፦ በመጀመሪያዎቹ መቶ ዓመታት ዝናቡ ደኅና ስለነበረ መሬቱ ብዙ ሕዝብ ቻለ፤ ለቤት፣ ለከሰል፣ ለብረት ማቅለጫና ለብርጭቆ ሥራ ዛፉ ተቆረጠ፤ መሬቱ ያለ ዕረፍት ታረሰ፤ በኋላ ዝናቡ ሲዛባ የተራቆተው አፈር ታጥቦ ሄደ። ከእርሱ ወዲህ በ2000ዎቹ ዓመታት በዚያው አካባቢ አፈር የመረመሩ ሌሎች ሊቃውንት ግን ነገሩ ይህን ያህል ቀላል አይደለም ይላሉ፤ በብዙ ቦታ መሬቱ ከተገመተው ይልቅ ጸንቶ መቆየቱን አግኝተዋልና። በመሆኑም «አክሱምን የጣላት መጥረቢያ ነው» ብሎ አንድ መስመር ጽፎ መዝጋትም አይቻልም።

አራተኛው የመንግሥቱ መነሣት ነው። በዘጠነኛውና በአሥረኛው መቶ ዓመት የጻፉ የዐረብ ጸሐፊዎች የሐበሻ ንጉሥ ከተማ አክሱም ናት አይሉም፤ ኩዕባር የምትባል ሌላ ከተማ ይጠራሉ። ቤተ መንግሥቱ ዕቃውን ጭኖ ወደ ደቡብ ሄዷል ማለት ነው። ንጉሥ ከሄደ ወታደሩ፣ ወታደር ከሄደ ጠላፊው፣ አንጥረኛውና ነጋዴው ይሄዳል።

ዮዲትስ? በአሥረኛው መቶ ዓመት አንዲት ንግሥት ሀገሪቱን እንደገዛች ኢብን ሐውቀል የተባለው ዐረብ ጽፏል፤ በዚያው ዘመን ማብቂያ ላይ የሐበሻ ንጉሥ ለኖባ ንጉሥ ጊዮርጊስ የላከው የአቤቱታ ደብዳቤም ሀገር ስላጠፋች ንግሥት ይናገራል። ስለዚህ ተረት ብቻ ናት ብለን አናልፋትም። ነገር ግን ዘመኑን ቁጠሩ። ገንዘቡ ከቆመ፣ ወደቡም ካበቃ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ አልፏል። ያቺ ንግሥት የደረሰችው ምሰሶው አስቀድሞ በተበላ ቤት ላይ ነው። ሕዝቡ የሦስት መቶ ዓመቱን ምስጥ ረስቶ በመጨረሻ በሩን የገፋችውን ሴት ስም ያዘ። ምስጥ ስም የለውም፤ ስም ያለው መክሰስ ይቀላል።

በዚያ ምሽት ክርክራችን ላይ የጎደለው ይህ ይመስለናል። ይህን ስንል «ጥፋተኛ የለም» ማለታችን አይደለም። ቤት ያቃጠለ ቤት አቃጥሏል፤ ሰው የገደለ ሰው ገድሏል፤ ይህ ተመዝግቦ መቀመጥ አለበት። የአንድን ሰው ወይም የአንድን ወገን ስም ጠርተን መርምረናል ብለን ስንነሣ ግን ምስጡ በሌላ ቤት ሥራውን ይቀጥላል።

፭. በሌላው የዓለም ጫፍ

ይህ ነገር የአክሱም ብቻ አለመሆኑን ለማየት በመካከለኛው አሜሪካ በዛሬዋ ሆንዱራስ ውስጥ ያለችውን የማያ ሕዝብ ከተማ ኮፓንን እንጥቀስ። ሁለቱ ከተሞች ተያይተው አያውቁም፤ ሁለቱም ግን ድንጋይ አቁመው ስማቸውን ጻፉ። የኮፓን ሥርወ መንግሥት በ426 ተጀምሮ 16 ነገሥታት አፈራረቀ። በ738 አሥራ ሦስተኛው ንጉሧ በጎረቤት ከተማ ተማርኮ ተገደለ። ከተማዋ ግን በዚያ አልወደቀችም፤ ከዚያ በኋላ ታላላቅ ሕንፃ ሠርታለች። በ822 የተጀመረ አንድ የድንጋይ መሠዊያ አንዱ ገጽ ብቻ ተቀርጾ ሌላው እንደተጀመረ ቀረ። ጠራቢው መሮውን አስቀምጦ ሄደ፤ ሌላ አልመጣም። የእኛ ታላቁ ሐውልት ሳይቆም እንደወደቀ፣ የእነርሱም መሠዊያ ሳያልቅ ቀረ።

ስለ ኮፓንም ሊቃውንቱ ደን መቆረጥና አፈር መታጠብ ነው የጣላት ብለው ነበር፤ በ2010 የታተመ በጥንታዊ የአበባ ብናኝ ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ በመጨረሻዎቹ ዘመናት ደኑ እንዲያውም ጨምሮ እንደነበር አሳየና ክርክሩ እንደገና ተከፈተ። ያም ሆነ ይህ ልብ የምንለው ሌላ ነገር ነው። የማያ ሕዝብ አልጠፋም። ዛሬም በሚሊዮን የሚቆጠሩ የማያ ቋንቋዎች ተናጋሪዎች በጓቴማላ፣ በሜክሲኮና በአካባቢው በቆሏቸውን ይዘራሉ። ከተማው ሲወድቅ ሰው ወደ ገጠር፣ ወደ ጎረቤት፣ ወደ ሌላ ምድር ሄደ፤ የሚችለውንም ይዞ ሄደ።

፮. የተሸከመው

ከአክሱምስ ምን ተያዘ? ወርቁ አልተያዘም። የተያዘው በእጅና በአንደበት የሚሄደው ነው።

ግዕዝ የሚናገረው ሕዝብ ካለቀ በኋላ እንኳ በጸሎት፣ በዜማና በብራና ቆየ። በአባ ገሪማ ገዳም የተጠበቁት ወንጌላት በሳይንስ ሲመረመሩ ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ የተጻፉ መሆናቸው ታውቋል። የአክሱም ቤተ መንግሥት ፈርሶ ያ ብራና ቀረ፤ አንድ ሰው ከእሳትና ከምስጥ ሲጠብቀው፣ ያ ሰው ሲሞት ሌላው ሲረከበው።

የአናጢውም እውቀት ሄደ። የአክሱም ቤት የሚሠራው ድንጋዩን በእንጨት እያሰሩ ነበር፤ የእንጨቱም ጫፍ ከግድግዳው ወጣ ብሎ ስለሚታይ የዝንጀሮ ራስ ይባላል። ሐውልቶቹ ላይ የተቀረጸው ይኸው ነው። ያንኑ አሠራር በደብረ ዳሞ፣ በይምርሐነ ክርስቶስ፣ ከዚያም በላሊበላ በዓለት ተፈልፍሎ እናገኘዋለን። ዛጔዎች ከአክሱም እጅግ ርቀው ወደ ደቡብ ሲሠሩ የአክሱምን መስኮት አልረሱም። ማንም ንጉሥ ያንን መስኮት በአዋጅ አላስተላለፈም፤ አባት ለልጁ መጥረቢያ አያያዝ ሲያሳይ የሄደ ነው።

ከተማዋም ራሷ ፈጽሞ አልሞተችም። በ1436 ዘርአ ያዕቆብ ሄዶ ዘውድ ጫነባት። በ1535 ቤተ ክርስቲያኗ ተቃጠለች፤ እንደገናም ተሠራች። በ1937 ፋሽስቶች ሁለተኛውን ሐውልት ቆራርጠው ሮማ ወሰዱት። በ1947 ውል ይመለሳል ተብሎ ተፈረመ፤ የተመለሰው በ2005፣ የቆመው በ2008 ነው። የተሰደደ ድንጋይ እንኳ ሀገሩ ለመግባት 68 ዓመት ፈጀበት። በ2020 መጨረሻም ጦርነቱ አክሱም ደረሰና ሰላማውያን ሰዎች በጎዳናዎቿ ተገደሉ፤ የእነዚያ የመጀመሪያዎቹ ሙስሊም ስደተኞች መታሰቢያ የሆነው የነጋሽ መስጊድም በዚያው ሰሞን ጉዳት ደረሰበት። በ615 ለተሰደደ በሯን የከፈተች ምድር የራሷ ልጆች ተሰደዱባት። ይህን ስንጽፍ እጃችን ከብዶታል።

፯. ማጠቃለያ

አክሱምን አንድ እጅ አልጣላትም። የተዛባ ንግድ፣ የራቀ ጦርነት፣ የሳሳ ወርቅ፣ የደከመ መሬት፣ የሄደ ቤተ መንግሥት ተራ በተራ ጎተቷት፤ የመጨረሻው ጠላት የደረሰው ከሁሉ በኋላ ነው። ያቆያትም አንድ እጅ አይደለም። ብራና የጠበቀ መነኩሴ፣ መስኮት የጠረበ አናጢ፣ ያየችውን የተናገረች ስደተኛ ናቸው።

ከዚህ ከኦቦ ወደ ሰሜን፣ ከሞያሌ ወደ ያቤሎ በሚወስደው መንገድ፣ ቦረናዎች ቱላ የሚሏቸው ጥልቅ ጉድጓዶች አሉ። ሰዎች ከታች እስከ ላይ በተርታ ቆመው እየዘፈኑ ውሃውን በእጅ ለእጅ ያወጡታል። ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የቆፈሯቸውን ሰዎች ስም የሚነግር ሐውልት የለባቸውም። ነገር ግን የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ የሚወስን ሕግ፣ ተራውንም የሚያስከብር አባ ሄሬጋ አላቸው፤ ውሃውም እስከ ዛሬ ይጠጣል።

ስለዚህ በመጪው እትማችን ስለ ቱላ ጉድጓዶች ልንጽፍ አስበናል። የዚህ ሀገር ተወላጆች የሆናችሁ ጎረቤቶቻችን፣ በተለይም በተርታው ቆማችሁ የዘፈናችሁ፣ ወይም አባትና እናታችሁ ሲሉ የሰማችሁ፣ መጥታችሁ ንገሩን። መጻፍ ለማይችል እኛ እንጽፍለታለን። ያንን ምሽት ተኳርፈው የተለያዩትን ወንድሞቻችንን ደግሞ አብረው እንዲመጡ እንለምናለን፤ አንዱ ሲነግር ሌላው ይጻፍ። አዛውንቱም ከዘራቸውን ይዘው በመጀመሪያው ወንበር እንዲቀመጡልን ከአደራ ጭምር እንጠይቃለን።